ሥራ የለውም የተባለው ዱቄት

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የፋርማሲስቱ መልስ

በዚህ እትም የመድኃኒት ጥያቄ በዝቷል። ሁሉንም ላዳርስ አልቻልኩም። የመረጥኳቸው ስድስቱ ግን፣ ጠያቂዎቹ ባይተዋወቁም፣ አንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ፦ ውኃ ውስጥ አልሟሟም ብሎ የሚያስቸግር መድኃኒትና እሱን ለማሟሟት አብሮት ኪኒኑ ውስጥ የሚገባው ፖሊመር፣ ማለትም ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥለው የሠሩት ረጅም ሞለኪውል። ይህ ፖሊመር በመመሪያ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው «ሥራ የሌላቸው ንጥረ ነገሮች» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ስም ማጥፋት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ጥያቄ፦ የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። መማሪያችን ላይ «ውኃ ወዳድ ፖሊመሮች በቀላሉ የማይሟሙ መድኃኒቶችን መሟሟት ያሻሽላሉ» ይላል፤ በቃ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ምዕራፍ ያልፋል። ላብ ውስጥ ኢትራኮናዞል የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት ዱቄት ፒቪፒ ከሚባለው ፖሊመር ጋር በሙቀጫ ቀላቅለን ውኃ ላይ በተንነው። ፒቪፒው ሟሟ፣ መድኃኒቱ ላዩ ላይ ተንሳፎ ቀረ። ምን አጥፍተን ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ምንም አላጠፋችሁም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ነው ያቆማችሁት። ፖሊመሩ ከመድኃኒቱ ጎን ስለተቀመጠ ብቻ ብዙ የሚለወጥ ነገር የለም።

መጀመሪያ የችግሩን ልክ እንየው። ጎርደን አሚዶንና ባልደረቦቹ በ1995 ካወጡት ምደባ በመነጨው መስፈርት፣ አንድ መድኃኒት «በደንብ ይሟሟል» የሚባለው ትልቁ መጠኑ በ250 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ ነው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ማለት ነው። ያውም ከጨጓራ አሲድ ጀምሮ እስከ አንጀት ባለው የፒኤች (የአሲድነት ልክ) ክልል ሁሉ። ኢትራኮናዞል በገለልተኛ ውኃ በሊትር አንድ ሚሊ ግራም እንኳ አይሟሟም። እንግዲህ አስላው፤ አንዷን የ100 ሚሊ ግራም ካፕሱል ለማሟሟት ከ100 ሊትር በላይ ውኃ ትፈልጋለህ፣ ቢያንስ የበርሜል ግማሽ። ያን ሁሉ ውኃ ማን ጠጥቶ ይችለዋል?

አልሟሟም የሚሉት መድኃኒቶች ሁሉ ምክንያታቸው አንድ አይደለም። አንዳንዱ ክሪስታሉ ብርቱ ነው፣ ሞለኪውሎቹ ተቆላልፈው አንላቀቅም ይላሉ። የሙያው ሰዎች እነዚህን «የጡብ ዱቄት» ይሏቸዋል። ሌላው ክሪስታሉ ባይከፋም ሞለኪውሉ ራሱ ቅባት ወዳድ ስለሆነ ውኃ አጠገብ መድረስ አይፈልግም፤ «የቅባት ኳስ» ነው እሱ። ፖሊመር በይበልጥ የሚያዋጣው ለጡቦቹ ነው። ለቅባት ኳሶቹ ዘይትና ሰርፋክታንት (እንደ ሳሙና ዘይትን ከውኃ የሚያስታርቅ ነገር) ይሻላል። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ግን፣ ኢትራኮናዞልንም ጨምሮ፣ ከሁለቱም ጠባይ ስለወሰዱ እንደ ፈተና ወረቀት ንጹሕ ክፍፍል አትጠብቅ።

አሁን ወደ ፖሊመሩ። የመጀመሪያው ሥራው ማርጠብ ነው። ዱቄቱ ላይ ይለጠፍና ውኃ ይስብለታል። በሙቀጫ ቅልቅል የሚገኘው ጥቅም ይሄው ብቻ ነው፣ ለኢትራኮናዞል ደግሞ አይበቃውም።

ሁለተኛው ዋናው ነው፤ ክሪስታሉን ማፍረስ። ለዚህ መድኃኒቱና ፖሊመሩ ሞለኪውል ለሞለኪውል መደባለቅ አለባቸው። ወይ ሁለቱንም በሚያሟሟ ፈሳሽ አሟሙተህ ሞቃት አየር ውስጥ እየረጨህ ባፍታ ታደርቀዋለህ፣ ወይ አብረህ እያሞቅህ እያቀለጥህ በሚሽከረከር ብሎን በሚገፋ ማሽን ታወጣዋለህ። ስፕሬይ ድራይንግና ሆት ሜልት ኤክስትሩዥን የሚባሉት እነዚህ ናቸው፣ የሚወጣው ነገር ደግሞ ሶሊድ ዲስፐርሽን ይባላል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ሴኪጉቺና ኦቢ የተባሉ ጃፓናውያን በ1961 ሰልፋታያዞል የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ከዩሪያ ጋር አቅልጠው ቢያቀዘቅዙት መድኃኒቱ ወደ ሰውነት የተሻለ እንደሚገባ አሳዩ። ዩሪያ ፖሊመር አይደለም። ፖሊመሮቹ ኋላ መጥተው ነው ቦታውን የነጠቁት።

እናንተ ማሽኖቹ ከሌሏችሁ ሮታሪ ኢቫፖሬተር (ብልቃጥ እያሽከረከረ ፈሳሽ የሚያተን መሣሪያ) ይበቃችኋል። መድኃኒቱንና ፒቪፒውን በዳይክሎሮሜቴንና ኢታኖል ቅልቅል አሟሙታችሁ ፈሳሹ እንዲተን አድርጉ፤ ጭስ መሳቢያ ሥር እንጂ ክፍት ጠረጴዛ ላይ እንዳይሆን። የቀረውን በቫኪዩም አድርቁት። ከዚያ ኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ክሪስታል መኖር አለመኖሩን በኤክስሬይ የሚያሳይ ምርመራ) የሚያሠራችሁ ከተገኘ እዩት። የመድኃኒቱ ሹል ሹል ጫፎች ከጠፉና ደልደል ያለ ጉብታ ከቀረ ክሪስታሉ ፈርሷል ማለት ነው።

ሦስተኛውን ሥራ ተማሪ ሁሉ ይረሳዋል፤ መድኃኒቱ ከሟሟ በኋላ ስለሚመጣ። ክሪስታሉ የፈረሰ መድኃኒት ውኃ ውስጥ ሲገባ ከአቅሙ በላይ ይሟሟል። ደስ ይላል፣ ግን አይቆይም፤ ያለ ፖሊመር ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ክሪስታል ሠርቶ ይዘቅጣል። ፖሊመሩ ገና ብቅ የሚሉት ክሪስታሎች ላይ ተለጥፎ እንዳያድጉ ያግዳቸዋል፣ በዚያ መሃል አንጀት መድኃኒቱን ይመጠዋል። ፒቪፒ ቶሎ በማሟሟት ጎበዝ ነው፣ ይዞ በማቆየት ግን ብዙ ጊዜ ኤችፒኤምሲ የሚባለው ሌላ ፖሊመር፣ በተለይም ኤችፒኤምሲ-ኤኤስ የሚባለው ዝርያው፣ ይበልጠዋል። ኤችፒኤምሲ-ኤኤስ በጨጓራ አሲድ አይሟሟም፤ መድኃኒቱን አቅፎ አንጀት ይደርስና እዚያ ይለቀዋል። ስለዚህ የመሟሟት ፈተናውን ስትሠሩ በ5፣ በ15ና በ30 ደቂቃ ናሙና ወስዳችሁ እጃችሁን አትታጠቡ። እስከ ሁለትና ሦስት ሰዓት ቀጥሉ። ከፍ ያለው መስመር ተመልሶ ቢወርድ ፖሊመራችሁ ሦስተኛውን ሥራ አልሠራም።

አንድ ወጥመድ ልጠቁምህ። «ኤችፒኤምሲ አለን» ብላችሁ ከመደርደሪያ ያገኛችሁትን እንዳታነሡ። ውፍረቱ ዝቅ ያለው፣ ኢ5 የሚባለው ዓይነት፣ ለዚህ ሥራ ይሆናል። ኬ100ኤም የሚባለው ግን ውኃ ሲነካው ወፍራም ጄል ሠርቶ መድኃኒቱን ያፍነዋል፤ ቀስ ብለው ለሚለቁ ኪኒኖች ሆን ተብሎ የሚገባው እሱ ነው። ስማቸው አንድ፣ ሥራቸው ተቃራኒ።

ጥያቄ፦ እናቴ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ መዋጥ ይከብዳቸዋል። ለጥፍራቸው ፈንገስ ኢትራኮናዞል ካፕሱል ታዘዘላቸው። ስከፍተው ውስጡ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያሉ ኳሶች አሉ። ፈጭቼ በአጥሚት ብሰጣቸው ምን ችግር አለው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አትፍጪያቸው እህቴ። እነዚያ ኳሶች ዝም ብለው የተድበለበሉ እንዳይመስሉሽ። የእያንዳንዷ እምብርት ስኳር ነው። በስኳሩ ላይ መድኃኒቱ ከኤችፒኤምሲ ጋር ተዋህዶ በስሱ ተረጭቷል፣ ከላይ ደግሞ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ፔግ የሚባል ሌላ ፖሊመር ለብሰዋል። ከላይ ለተማሪው የነገርኩት ሥራ ሁሉ ያለው በዚያች ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። ፈጭተሽ ትኩስ አጥሚት ውስጥ ስትጨምሪው ሥራው ጨጓራ ሳይደርስ ኩባያ ውስጥ ይጀመራል፣ ገሚሱ ሙቀጫውና ኩባያው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ እናትሽ ስንት ሚሊ ግራም እንዳገኙ ማንም አያውቅም። አምራቹም ካፕሱሉ እንዳለ ይዋጥ ነው የሚለው።

መፍትሔ ግን አለ። ይኸው መድኃኒት በሳይክሎዴክስትሪን (መድኃኒቱን በውስጡ አቅፎ በሚያሟሟ ቀለበት መሰል የስኳር ሞለኪውል) የተሟሟ፣ በአፍ የሚወሰድ ፈሳሽ ሆኖ ይሠራል። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፦ ካፕሱሉ የሚወሰደው ከሙሉ ምግብ ጋር ነው፣ ፈሳሹ ደግሞ በባዶ ሆድ። ሁለቱ ሚሊ ግራማቸው ቢመሳሰልም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፣ ስለዚህ ሐኪሙ ራሱ ይቀይረው እንጂ አንቺ እንዳትቀይሪ።

ሌላም ልጠይቅሽ፤ ለጨጓራቸው ኦሜፕራዞል ወይም አንታሲድ ይወስዳሉ? ካፕሱሉ አሲድ ይፈልጋል። አሲዱ ከጠፋ ፖሊመሩ የቱንም ያህል ቢለፋ መድኃኒቱ በቅጡ አይገባም። አሲድ ለሌላቸው ሰዎች ካፕሱሉን ስኳር ባለው ኮላ እንዲወስዱ የሚመከርበት ጊዜ አለ። አንቺ ግን ከዚህ አንብበሽ ኮካ እንዳትጀምሪላቸው፣ ስኳር ሊኖርባቸው ይችላል። ኢትራኮናዞል ከብዙ የልብና የኮሌስትሮል መድኃኒቶችም ጋር ስለሚጣላ የሚወስዱትን ሁሉ በከረጢት ሰብስበሽ ለፋርማሲስቱ አሳይው።

ጥያቄ፦ ፖሊመር ማለት ፕላስቲክ አይደል እንዴ? ፕላስቲክ እያበላችሁን ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ፕላስቲክ ፖሊመር ነው፣ ፖሊመር ሁሉ ግን ፕላስቲክ አይደለም። ተልባ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ዝልግልግ ነገርም ፖሊመር ነው፣ አጥሚቱን የሚያወፍረው ስታርችም እንደዚያው። ኤችፒኤምሲ የሚሠራው ከእንጨት ወይም ከጥጥ ከሚወጣ ሴሉሎስ ነው። ፒቪፒ ሰው ሠራሽ ነው፤ በ1930ዎቹ ጀርመን ውስጥ የተገኘ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደም ለፈሰሳቸው ወታደሮች በፕላዝማ ምትክ በደም ሥር የተሰጠ ነገር ነው። ቁስል ላይ የምትቀባው ቡናማው ፖቪዶን አዮዲንም አዮዲኑን የተሸከመለት ይኸው ፒቪፒ ነው። በአፍ ሲወሰድ እነዚህ ፖሊመሮች ብዙም አይመጠጡም፣ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። አልፎ አልፎ ለፔግ ወይም ለፒቪፒ አለርጂ ያለው ሰው ይገኛል። ከተለያዩ መድኃኒቶች በኋላ በተደጋጋሚ የሚያሳክክህና የሚያብጥህ ከሆነ ለሐኪምህ ንገረው። ከዚያ ውጪ እንቅልፍ አያሳጣህ።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ነባሮቹ ባልደረቦቼ ሎፒናቪር ከሪቶናቪር ጋር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ድሮ ለስላሳ ካፕሱል ሆኖ ፍሪጅ ይፈልግ ነበር ይላሉ። አሁን ኪኒን ነው፣ መደርደሪያ ላይ ነው። መድኃኒቱ ያው ከሆነ ፍሪጁ የት ሄደ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ይህን ታሪክ ሳወራ አልጠግብም።

አቦት የተባለው ኩባንያ ሪቶናቪርን ኖርቪር ብሎ በ1996 ገበያ አወጣ። ሁለት ዓመት በሰላም ሄደ። በ1998 ካፕሱሎቹ የመሟሟት ፈተና መውደቅ ጀመሩ። ሲመረመር ከዚያ በፊት ማንም አይቶት የማያውቅ ሌላ ክሪስታል በቅሏል። ሞለኪውሉ ያው፣ አደራደሩ የተለየ፣ መሟሟቱ ደግሞ ከቀድሞው በጣም ያነሰ። አንዴ ከታየ ወዲያ የድሮውን ክሪስታል እንደቀድሞው ማምረት አቃታቸው። ካፕሱሉ ከገበያ ወጣ፣ በሽተኞች ጣዕሙ ወደሚያንገፈግፍ ፈሳሽ ዞሩ። በ1999 የመጣው ለስላሳ ካፕሱል ፍሪጅ የሚፈልግ ሆነ። በ2000 የተፈቀደው ካሌትራም፣ ሎፒናቪርና ሪቶናቪር አንድ ላይ ያሉበት፣ ለስላሳ ካፕሱል ነበር። ባልደረቦችሽ የሚያስታውሱት እሱን ነው። ቀኑን ሙሉ መብራት በሌለበት ቀበሌ ያለ ሰው ያን መድኃኒት ምን ላይ ያስቀምጠው?

በ2005 መልሱ መጣ። ሁለቱን መድኃኒቶች ኮፖቪዶን ከሚባለው፣ የፒቪፒ የቅርብ ዘመድ ከሆነው ፖሊመር ጋር አቅልጠው በኤክስትሩደር አወጡት። መድኃኒቶቹ በፖሊመሩ ውስጥ በየሞለኪውሉ ተበታትነው ደረቁ። ክሪስታል ለመሥራት ጎረቤት ያስፈልጋል፣ ጎረቤቱን ደግሞ ፖሊመሩ አርቆታል። ፍሪጅ ቀረ። በቀን 6 ካፕሱል የነበረው 4 ኪኒን ሆነ። ከምግብ ጋር ካልሆነ የሚለው ግዴታም ተነሣ። ኖርቪርም በ2010 በዚሁ መንገድ ኪኒን ሆነ። ለኮቪድ የተሰጠው ፓክስሎቪድ ውስጥ ያለው አጋዥ መድኃኒትም ይኸው ሪቶናቪር ነው።

ለሚወስዱት ሰዎች ሁለት ነገር ንገሪልኝ። ኪኒኑ አይሰበርም፣ አይታኘክም፣ አይፈጭም፤ ሲፈጭ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ሁለተኛው እርጥበት ነው። በፖሊመር የተያዘ መድኃኒት እንደ ፈሳሽ ማር ነው፣ ጊዜና ምቹ ሁኔታ ካገኘ መርጋት ይፈልጋል። ውኃ ወዳዱ ፖሊመር እርጥበት ከአየር ላይ ይስባል፣ ሲስብ ይላላል፣ ሲላላ መድኃኒቱ መላወሻ ያገኛል፣ መላወሻ ሲያገኝ ክሪስታል ይሠራል። የካሌትራ ኪኒን መመሪያ እርጥበት በበዛበት ቦታ ከዕቃው ውጪ ከ2 ሳምንት በላይ አይቆይ የሚለው ለዚህ ነው። ሰው አይቶ እንዳይጠረጥረን ብለው ከብልቃጡ አውጥተው በፌስታል የሚቋጥሩት ብዙ ናቸው። ስጋታቸው ይገባኛል። ለእነሱ «ብልቃጡን አትጣሉ» ከማለት ይልቅ በደንብ የሚከደን፣ ምንም ያልተጻፈበት ትንሽ ዕቃ ፈልጊላቸው፣ የየሳምንቱን ብቻ ይያዙበት። ጅዳና ዱባይ ላሉ እህቶቻችንማ ይህ ምክር እጥፍ ነው፤ የባሕር ዳርቻው እርጥበት ቀልድ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ልጄ ራሱ ላይ ቆረቆር ወጥቶበት እዚህ ሐኪም ግሪስ-ፔግ አዘዘለት። ዋጋው አስደነገጠኝ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ግሪሲዮፉልቪን 500 ሚሊ ግራም ሊልክልኝ ነው። ያው መድኃኒት አይደለም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ መድኃኒቱ ያው ነው፣ ሚሊ ግራሙ ግን ያው አይደለም። ግሪሲዮፉልቪን የጡብ ዱቄት ከሚባሉት ዋነኛው ነው። ተራው ዓይነት በማሽን ደቅቆ የተሠራ ነው። ግሪስ-ፔግ ደግሞ ስሙ ላይ እንዳለው በፔግ ውስጥ ተበትኖ የባሰውን የደቀቀ ነው፣ ወደ ሰውነት የሚገባውም በግምት አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው የተራውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። በግሪስ-ፔግ የታዘዘለትን ቁጥር ይዘሽ በተራው ብትሰጪው ልጁ ከሚገባው በታች ያገኛል። ቆረቆር ደግሞ ሳምንታት የሚፈጅ ሕክምና ነው፤ ወር ሙሉ አጉል ትደክሚያለሽ። የልጅ መጠን በክብደት ስለሚሰላ ራስሽ በካልኩሌተር አትግቢበት። የልጁን ሐኪም «ተራውን ብጠቀም ስንት ልስጠው?» ብለሽ ጠይቂ፣ ምናልባትም እዚያው አሜሪካ ርካሽ አማራጭ ይነግርሻል። የትኛውንም ብትሰጪው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሁን፤ ያልተገፈፈ ወተት ወይም የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ወባ ይዞኝ ኮአርተም ተሰጠኝ። «ቅባት ካለው ነገር ጋር ውሰድ» አሉኝ። ጾም ነው። ወተትም ቅቤም አልነካም። ምን ይሻለኛል? (ከመተማ)

መልስ፦ የታመመ ሰው ጾሙን ምን ያድርገው የሚለውን ለንስሐ አባትህ ተውኩት። እኔ ስለ ቅባቱ ልንገርህ፣ ቅባት ደግሞ የግድ ከላም አይመጣም።

ኮአርተም ውስጥ ካሉት ሁለቱ መድኃኒቶች አንዱ፣ ሉሜፋንትሪን፣ የለየለት የቅባት ኳስ ነው። በባዶ ሆድ ከወሰድከው አብዛኛው ሳይነካህ ያልፋል። ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው እስከ 16 እጥፍ ከፍ ሊል ይችላል። አገራችን መድኃኒቱን ለፋልሲፓረም ወባ ዋና ሕክምና ካደረገችበት ከ2004 ጀምሮ ጤና ባለሙያው «ብላበት» እያለ የሚጨቀጭቀው በከንቱ አይደለም። ሉሜፋንትሪንን በፖሊመር ይዞ ከምግብ ጥገኝነት ለማላቀቅ ሲሞከር ቆይቷል። ኖቫርቲስ ጋናፕላሳይድ ከሚባል አዲስ መድኃኒት ጋር አጣምሮ የሞከረው ሉሜፋንትሪንም በሶሊድ ዲስፐርሽን የተሠራ፣ በቀን አንዴ የሚወሰድ ነው። አንተ እጅ ላይ ያለው ግን የድሮው ስለሆነ ምግብ ይፈልጋል።

የሚያስፈልገው ቅባት ብዙ አይደለም። በዘይት የተሠራ ሽሮ፣ የሱፍ ወይም የተልባ ፍትፍት፣ የለውዝ ቅቤ፣ ሰሊጥ፤ ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። ሆድህ አልቀበል ካለህ ጥቂት ማንኪያ የሱፍ ፍትፍት እንኳ ከምንም ይሻላል። ስድስቱንም ጊዜ በሦስት ቀን ጨርስ፤ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ቢለቅህም አታቋርጥ። ምግብ ጨርሶ እንቢ ካለህ መድኃኒቱን አትዝለለው፣ ውሰድና መብላት እንደቻልክ ብላ። ከወሰድክ በኋላ ወዲያው ካስመለሰህ የሰጡህ ጤና ጣቢያ ተመለስና ድጋሚ ይስጡህ።